አሥር ወይስ አሥራ ሁለት ቡሎን

የከተማችን ሰው መኪና የሚያውቀው ከፊቷ ነው። መብራቷን፣ አፍንጫዋን፣ የሚያብለጨልጭ ጌጧን አይቶ የተሠራችበትን ዓመት ይነግራችኋል፤ ባትጠይቁትም ይነግራችኋል። ጎፋ መታጠፊያ ላይ ታክሲ ስትጠብቁ አጠገባችሁ የቆመው ሰውዬ፣ ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ የማያውቀው፣ የምታልፈዋን ሁሉ በስሟና በሞዴሏ እየጠራ ያሳልፋታል። ኋላዋን ግን የሚያይ የለም። ከኋላዋ የሚታየው ታርጋዋ ብቻ ነው፤ እሱም ገጭታ ስታመልጥ ነው።

መኪናን የሚያስኬዳት ግን ኋላዋ ነው፤ ቢያንስ የድሮዎቹን ረጃጅም የአሜሪካን መኪኖች። ሞተሩ ፊት ተቀምጦ ያጓራል፣ ይሞቃል፣ ውሃ አምጡልኝ ይላል፤ ስሙንም ምስጋናውንም የሚወስደው እሱ ነው። ጉልበቱ ግን በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ተጉዞ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል እንደ ዱባ አብጦ በተንጠለጠለ ብረት ውስጥ ገብቶ፣ እዚያ ጥርስ ከጥርስ ጋር ተናክሶ ነው ጎማ የሚያዞረው። ዱባውን ዲፈረንሻል እንለዋለን። የመንገዱ ጭቃና ጠጠር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ካልጮኸ በቀር ስሙን የሚያነሣ የለም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ዲፈረንሻል ሆኜ ሠርቻለሁ።

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ስለዚህ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ የተመደብኩት የጭነት መኪና በሚጠግን የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመቴ ለአንድ ሰው የሚሆን የሁለት ዓመት የውጭ አገር ትምህርት መጣ። ተፈተንን፤ አንደኛ ወጣሁ፤ ይህንንም የነገረኝ ፈታኙ ራሱ ነው። የስሞቹ ዝርዝር ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ግዛው ቢሮ ገብቶ ሲወጣ፣ እኔ ጠፍቼ የአቶ ግዛው የእህት ልጅ በቅሎበታል። ገብቼ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ስምህ መጀመሪያም አልነበረበትም፤ ገና ልጅ ነህ፣ ታገሥ» አሉኝ። ታገሥሁ። ደመወዝ እየበሉ መጠበቅ ትዕግሥት ይባላል። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ድርጅቱ ፈረሰ፤ ያለ ደመወዝም መጠበቅ እንዳለ ያን ጊዜ ተማርኩ። አቶ ግዛው ጡረታ ወጡ፤ የእህታቸው ልጅ በሄደበት ቀረ፤ እኔ ላፍቶ ቀረሁ። ከዚያ ዝርዝር እስከዚህ እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ አሥራ አራት ዓመት ነው። እኔ አልቆጠርኩትም፤ ራሱ ነው የሚቆጥረው።

ላፍቶ ጋራዡ ውስጥ ያስጠጋኝ ጳውሎስ የሚባል መካኒክ ነው። ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ፣ የማይጠጣና የማይምል፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቢሰጡት ሥዕሉን ብቻ አይቶ የሚመልስ፣ ሞተርን ግን በጆሮው የሚያነብ ሰው ነው። እሱ ብረቱን ይፈታል፤ እኔ መጽሐፉን እፈታለሁ። ደንበኞች እኔን «ኢንጂነር»፣ እሱን «ጋሼ» ይሉናል። ከሁለቱ ማዕረጎች የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ማየት ይበቃል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እኔ መጽሐፉን የማነበው ቆሜ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት አንዲት ውሃ ሰማያዊ አሜሪካን፣ ከእኔ ሳሎን የምትረዝም፣ የጋራዡን በር በሁለት ሙከራ አልፋ ገባች። ከውስጧ አቶ ግዛው ወረዱ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ሙሉ ልብሳቸው ያው የቢሮው ቡናማ ነው። በወዲያኛው በር ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወረዱ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ?» አሉኝ አቶ ግዛው።

«እዚህ ነኝ ጋሼ።»

«ደግ ነው። ሙያ ያለው ሰው የትም አይወድቅም» አሉ፤ የወደቅሁበት ቦታ ላይ ቆመው።

ችግራቸውን እትዬ አስካለ ናቸው የነገሩን፤ አቶ ግዛው ችግር መናገር አልለመዱም። ጡረታው ወር አያደርሳቸውም። የሚያኖራቸው ይህች መኪና ናት፤ በሰርግ ወራት ሙሽራ ትጭናለች። አዳዲሶቹ መኪኖች የሙሽራ ቬሎ አይበቃቸውም፤ እሷ ግን ቬሎውንም፣ ሚዜዎቹንም፣ የሙሽራውን ኩራትም ትችላለች። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የምትሠራው ሁለቱን ሽማግሌዎች ዓመቱን ያበላቸዋል። እና አሁን መኪናዋ ታለቅሳለች።

እስከ ለቡ ነድተን ሰማናት። መንገድ ዳር ያሉ ሴቶች ሙሽራ የጫነች መስሏቸው እልል አሉ፤ ውስጧ ያለነው ጥርሱን የሚፍቅ መካኒክ፣ አንድ ቂመኛና ሁለት ጡረተኞች መሆናችንን አላወቁም። ነዳጅ ሲሰጧት እንደ ሙሾ አውራጅ ትጮኻለች፤ እግር ሲያነሡላት ዝም ትላለች። ጳውሎስ የኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን ወደ ወለሉ ደፍቶ ቆየና ቀና አለ።

«ኮሮናና ፒኞኑ ናቸው» አለ። ኮሮና የምንለው በዱባው ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርሳም ክብ ነው፤ ፒኞን ደግሞ እሱን የሚነዳው ትንሹ ነው። ጣልያን ሲሄድ የብረቱን ስም ትቶልን ነው የሄደው። «ጥርሱ ተበልቷል። በዚህ ሙሽራ ከጫኑ ሙሽራዋ አዳራሽ በእግሯ ነው የምትገባው።»

እትዬ አስካለ አማተቡ።

ኮሮናው አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም፤ መርካቶም ወርደን ፈልገናል። የአቶ ግዛው ልጅ ግን አሜሪካን አገር ነርስ ናት፤ ለገና ወደዚህ የምትመጣ አንዲት ጎረቤቷ ዕቃውን በሻንጣዋ ልትይዝላቸው ተስማምታለች። ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ የሚገባበት ትልቁ ወደባችን የሰው ሻንጣ ነው። ብረት ይከብዳል፤ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ተሳስቶ ከመጣም የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ልጅቷ በስልክ አንድ ነገር ጠይቃለች፤ የኋላ ዲፈረንሻሏ የትኛው ዓይነት ነው?

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ያች መኪና በተሠራችበት ዘመን ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ይገጥም ነበር። የአንደኛው የኋላ ክዳን በአሥር ቡሎን ይታሰራል፤ የሁለተኛው በአሥራ ሁለት። አሥሩ ለደካማው ሞተር፣ አሥራ ሁለቱ ለብርቱው። የአንዱ ኮሮና ለሌላው አይሆንም፤ ቆመው ሲያዩዋቸው ግን ሁለቱም በጭቃ የተለሰኑ ዱባዎች ናቸው።

አቶ ግዛው በላስቲክ የተጠቀለለ የፋብሪካውን መጽሐፍ ከመኪናዋ አወጡ። ገጹን ቀድመው አስምረውበታል።

«መጽሐፉ አሥር ይላል። ሞተሯ ትንሹ ነው፤ ስለዚህ አሥር ነው።»

«መጽሐፉ ፋብሪካ ውስጥ የሆነውን ነው የሚያውቀው ጋሼ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን አያውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። መለዋወጫ በጠፋባቸው ዓመታት ከተጋጨችው ተነቅሎ ለቆመችው ያልተገጠመ ነገር የለም። የዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ግማሽ አካሉ የራሱ፣ ግማሹ የሟች ነው።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ጋራዥ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ፍሬኑ እስኪጠገን ይጠብቅ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «አሥር ነው፤ አሜሪካኖች ሁሉ አሥር ናቸው» አለ። ባትሪ ሊያስሞላ የመጣ ሌላ ደንበኛ፣ «አጎቴ ይህችን የመሰለች ነበረችው፤ አሥራ አራት ነው» አለ። አሥራ አራት የሚባል ዓይነት የለም፤ አጎትየው ግን ስላለፉ ማንም ሊከራከራቸው አልፈለገም። ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» አሉ አቶ ግዛው።

«ተኝቶ በመቁጠር።»

አቶ ግዛው መሬቱን አዩት። የጋራዥ መሬት ታውቁታላችሁ፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር ነው። ከዚያ ሙሉ ልብሳቸውን አዩት። በእኛ አገር ሰው አንዴ አለቃ ከሆነ በኋላ መኪና ሥር አይተኛም፤ ጡረታ ቢወጣም፣ መኪናዋ የራሱ ብትሆንም፣ እንጀራው እዚያ ሥር ተንጠልጥሎ ቢታየውም። የሚተኛለት ሰው አለ። የተኛው ያየውን ይናገራል፤ አለቃው የተባለውን ትቶ የተናጋሪውን ፊት አይቶ ይወስናል። ስንት መሥሪያ ቤት በዚህ ዓይነት እንደ ተመራ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንዱን ግን አውቃለሁ።

«ቁጠርልኝ» አሉኝ።

ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። ክዳኑ የስንት ዘመን ግሪስና አፈር ለብሷል። በካቻቢቴ ፋቅሁት። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ብቅ አሉ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ከሌላው ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። የክዳኑ ቅርጽም ሙሉ ክብ ሳይሆን ወደ እንቁላል ያዘነበለ ነው፤ የአሥራ ሁለቱ መልክ ይኸው ነው። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን እዚያው ተኝቼ ቀረሁ።

ከሥር ሆኜ የሚታየኝ የአቶ ግዛው ጫማ ነው። ተወልውሏል፤ በተረከዙ መሬቱን ይመታል። ከአፌ የምትወጣ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃኝ ነበር። «አሥር» ብል መጽሐፋቸው ይመሰክርልኛል፤ የጭነት መኪናው ሾፌርም ይመሰክርልኛል። ኮሮናው ይመጣል፣ አይገጥምም፣ የሰርጉ ወራት ያልፋል። የእኔን ሁለት ዓመት በእሳቸው አንድ ጥር መለወጥ ነበር፤ እንዲያውም ራርቼላቸዋለሁ።

ያልዋሸሁት ለጽድቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ሀብት ያች በደል ብቻ ናት፤ ንጹሕ አድርጌ ነው የያዝኳት። አንደኛ ወጥቼ ተቀማሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ቁጥር ላይ ዋሽቼ ስለማላውቅ ነው። በሁለት ቡሎን ብዋሽ ከአቶ ግዛው ጋር እኩል እሆናለሁ። እኩል ከሆንን ደግሞ የምወቅሰው ሰው አጣለሁ።

«አሥራ ሁለት ነው» አልኩ፤ ወጥቼ አቧራዬን እያራገፍኩ።

የጥርሱን ልክ ለማወቅም ዙሩን ቆጠርን። አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥተን፣ ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ ጎማውን እያዞርን ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አየን። አንድ ጎማ ብቻ ሲነሣ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ያስፈልጋል፤ አንድ ዙር አዙሮ የሚያቆም ሰው የእውነቱን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። ብዙው ሰው ይዞ የሚሄደው ግማሹን ነው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ አቶ ግዛው ፊቴን ያያሉ። ጠመኔውን አያዩም፣ ፊቴን ነው የሚያዩት።

«በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ። ፈርምበት» አሉ።

ጻፍኩላቸው። «ጉዳዩ፦ የኋላ ዲፈረንሻልን ዓይነት ስለ ማሳወቅ» ብዬ፣ በአኃዝም በፊደልም፣ በካርቦን ከነግልባጩ። ከዚያ ዝርዝር ወዲህ ግልባጭ የሌለው ወረቀት ከእጄ አይወጣም። ዋናውን አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ግልባጩን የቡሎን ሣጥን ውስጥ አኖርኩት።

ከሄዱ በኋላ ጳውሎስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። ታሪኩን ያውቀዋል፤ ሌላ ታሪክ ነግሬው ስለማላውቅ።

«አሥር ብትላቸው ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ጌታ ያውቅ ነበር ልትለኝ ነው።»

«እሱማ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አንተ ስትጽፍ ገብቼ ቆጠርኩት።»

«አላመንከኝም ማለት ነው?»

«ወዳጅነት ሌላ፣ ቡሎን ሌላ» አለና ወደ ጭነት መኪናው ፍሬን ሄደ።

ገና መጣ፤ ጎረቤቲቱም መጣች። ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው አቶ ግዛውና እትዬ አስካለ በሕፃን ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ጋራዡ ገቡ። የመጀመሪያው ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ላለው እሑድ ተይዟል። ጳውሎስ መኪናዋን በጉማጅ ግንድ ላይ አቁሟት፣ የዘይት ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ከሥሯ አስገብቶ፣ መፍቻውን መርጦ ተዘጋጅቷል። እኔ ሣጥኑን ከሕፃኑ ልብስ ፈትቼ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ጳውሎስን በዓይኔ ጠራሁት።

«ምንድን ነው?» አለ።

«የአሥር ቡሎን ነው።»

ጳውሎስ ኮሮናውን አውጥቶ በመዳፉ መዘነው። «ያንሳል» አለ። መፍቻውን መልሶ ቦታው ላይ ሰቀለው።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ግዛው መጀመሪያ ሣጥኑን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ድምፃቸው የድሮው የቢሮ ድምፅ ሆነ።

«አሥር ብለህ ነው የጻፍክልኝ። ሰው ሙያህን አምኖ ቢመጣ ቂምህን ትወጣበታለህ?»

ቂም የሚለውን ቃል ፊት ለፊት ያነሣሁት እኔ እንዳልሆንኩ ልብ በሉልኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመካከላችን ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ነው የኖረው፤ ያልተደረገ ነገር ደግሞ ቂም አይወልድም። ወደ ቡሎን ሣጥኑ ሄጄ ግልባጩን አወጣሁ። ዘይት ነክቶታል፤ ግን ይነበባል። ጳውሎስ ተቀብሎኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «አሥራ ሁለት» አለ። «በቅንፍ ውስጥም አለ፤ አሥራ ሁለት።»

አቶ ግዛው የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። ዋናው ጠፍቶብኛል ሊሉ ሲሉ መሰለኝ እትዬ አስካለ ቀድመው የተናገሩት። ማንንም አላዩም።

«ልጄ፣ አንተማ አሥራ ሁለት ብለህ ነው የጻፍከው፤ እኔም አንብቤዋለሁ። እሱ ለልጃችን ስልክ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ‹እሱ አሥራ ሁለት ካለ አሥር ነው› ብሎ ለልጅቷ አሥር አላት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እኔ በሱ ቦታ ብሆን አሳስት ነበር› አለኝ።»

ስሌቱን አያችሁት። ሰውዬው ቡሎን አልመረመሩም፤ መጽሐፉንም ከልባቸው አላመኑም። የመረመሩት የገዛ ሥራቸውን ነው። ይህን ያህል የበደሉት ሰው እውነቱን ይነግረኛል ብሎ ማሰብ አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ እውነት ስነግራቸው የሰሙት በቀል ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የአገራችን ሰው። እኔም አምኜው ኖሬአለሁ። ለካ የወጋም አይረሳም።

«ካርቶኑ የት ነው?» አሉ አቶ ግዛው።

«ይተዉ ጋሼ፣ ልብስዎ ይበላሻል» አለ ጳውሎስ።

ኮታቸውን አውልቀው ለእትዬ አስካለ ሰጡ። ተንበረከኩ። በክርናቸው ተደግፈው ቀስ ብለው በጀርባቸው ተኙና እየተንሸራተቱ ገቡ። ከጉልበታቸው በታች ብቻ ውጭ ቀረ። ከሥር ድምፃቸው ይሰማናል፤ ጣታቸውን እያንዳንዱ ቡሎን ላይ እያሳረፉ ይቆጥራሉ። አሥር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አሥራ አንድ» አሉ። «አሥራ ሁለት።»

እንዲወጡ ጠበቅን። አልወጡም።

«ስምህ ነበረበት» አሉ ከዚያው ሥር። «ዝርዝሩ ላይ። አንደኛ ነበርክ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ፊታቸው አይታየኝም። የሰው ፊት እያዩ ይህን ለመናገር አሥራ አራት ዓመት ያልበቃቸው ሰው፣ ፊታቸውን ዲፈረንሻል ሲጋርድላቸው አንድ ደቂቃ በቃቸው። ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ በየታክሲው ሰልፍ ላይ ቆሜ ያረምኩት፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ ረጅም።

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ይውጡ፤ መሬቱ ይበርዳል።»

ጳውሎስና እኔ ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘን አወጣናቸው። ነጭ ሸሚዛቸው ጀርባው ጠቁሯል። እትዬ አስካለ ኮቱን መልሰው ደረቡላቸው፤ ከፊት ሲታዩ ምንም የሆኑ አይመስሉም።

የዚያ ጥር ሙሽሮች በሌላ ሰው መኪና ሄዱ። ትክክለኛው ኮሮና በሌላ ሻንጣ የመጣው ጾም ከገባ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም። ጳውሎስ ግን፣ «የእናንተ የለም፤ የእኛ አለ» ብሎ ከየቸርቹ አራት ሙሽሮች አሰባሰበላቸው። በልጅነታቸው የጀመሩትን ሁዳዴ አንድ ዓመት ሳያስታጉሉ የጾሙት አቶ ግዛው፣ በጾሙ መካከል፣ ሃሌሉያ በሚባልበት አዳራሽ በር ላይ፣ ሪባን የታሰረላት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሙሽራ ሲጠብቁ አየኋቸው። መኪናዋ አትጮኽም። ዓመቱን ባያበላቸውም እስከ ፋሲካ አደረሳቸው።

ከስሬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ድሮ ጆሮ ያለው ሰው ሳገኝ ያችን ዝርዝር አነሣ ነበር፤ ሰሚው ከንፈሩን ይመጥልኛል፣ አቶ ግዛውን ይረግምልኛል፣ አንዳንዱም ሻይ ይጋብዘኛል። አሁን ወሬዬን ጀምሬ መካከል ላይ ስደርስ ያ ከመኪና ሥር የመጣ ድምፅ ትዝ ይለኛል። ልለፈው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ቁጥር ላይም ሆነ ነገር ላይ መዋሸት አልችልበትም። ስናገረው ደግሞ ሰሚው ራሱን እየነቀነቀ፣ «እንዴት ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስንቱ ነው ጥፋቱን እንዲህ የሚያምነው?» ይለኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወሰዱብኝ። አሁንም የወሰዱት እሳቸው ናቸው።